የግሪዘል ስፕሮት ድንጋይ

ኦታጎ፥ ኒውዚላንድ
ማርች 2፥ 1959

ለተከበሩ አቶ አዳም ማክሃርግ
ድሩምዊን እርሻ፥ ጋሎዌይ፥ ስኮትላንድ

ይህ ደብዳቤ በጤናና በሰላም ያግኝዎ፤ ቤትዎንም ከብትዎንም አምላክ ይጠብቅልዎ። ማሪዮን ስፕሮት እባላለሁ፤ በአንዲት የገጠር ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። አያውቁኝም፤ እኔም ስምዎን ያገኘሁት ከደብሩ ቄስ ነው። “እናቱ ከስፕሮት ቤት ነበሩ፤ እዚህ የቀረ የስፕሮት ደም ቢኖር እርሱ ብቻ ነው” ብለው ጻፉልኝ። በሩቅም ቢሆን ዘመድ ነንና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ አንድሩ ስፕሮት በ1874፥ በሃያ ሁለት ዓመቱ፥ ከእናንተ መንደር ተነሥቶ በመርከብ ወደዚህ መጣ። አባቱ አይታወቅም። ይህንን ስጽፍ አላፍርም፤ በቤታችን ግን እስከ ዛሬ ጮክ ተብሎ አይነገርም። እናቱ ግሪዘል በ1885 ስትሞት ለቀብሯ መድረስ አልቻለም። በጎች እየሸለተ ያጠራቀማትን ልኮ ሐውልት አሠራላት። የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ በኦክቶበር 1886 የመለሰለት ደብዳቤ እጄ ላይ ነው፤ “ሐውልቱ በሰሜኑ ግንብ ጥግ ቆሟል፤ ጽሑፉም አንተ ባዘዝኸው ቃል ነው” ይላል። ምን ብሎ እንዳዘዘ አያቴ ለልጆቹም አልነገረም። ደብዳቤውን አጣጥፎ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አኖረው፤ እዚያው እንዳለ ሞተ።

አሁን ከልጆቹ የቀረችው አንድ አክስቴ ናት። በእናቱ ስም ግሪዘል ብሎ የሰየማት ናት፤ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አልጋ ላይ ከዋለች ስድስት ወር አለፋት። “ስሜ ድንጋይ ላይ ተጽፎ ካለ፥ ሳልሞት ምን እንደሚል ልስማው” ትላለች። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። እኔም እርስዎን የምለምነው ይህንኑ ነው፤ ወደ ሰሜኑ ግንብ ብቅ ብለው ጽሑፉን እንዲገለብጡልኝ።

በታላቅ አክብሮት
ማሪዮን ስፕሮት


ድሩምዊን
ኤፕሪል 19፥ 1959

ለተከበሩ ሚስ ስፕሮት

እንደምን ሰነበቱ? አክስትዎስ እንዴት ናቸው? ለእርሳቸው ምሕረቱን ይላክላቸው። ለመልሱ መዘግየት በጎቼን ይውቀሱ፤ በዚህ ሰሞን ሁለት መቶ እናቶች አዋልጄ፥ የራሴን ስም የምጽፍበት ጣት እንኳን ቀጥ ብሎ አልቆም ብሎኝ ነበር። አንዲቱማ ሦስት ወልዳ አንዱን ብቻ አውቃለሁ አለች። የቀሩትን ሁለቱን ወጥ ቤቴ ምድጃ አጠገብ በጡጦ አሳድጋለሁ። ላጤ ሽማግሌ ሞግዚት ሲሆን አይተው ያውቃሉ? ጎረቤቴ ቤላ ሄሮን እያየች ትስቅብኛለች።

ስለ ስፕሮቶች በጠየቁኝ መሠረት፥ እሑድ ከአምልኮ በኋላ መቃብሩን ዞርሁት። ሦስት አገኘሁ። አንዱ “ጄምስ ስፕሮት፥ ሸማኔ፥ 1791” ይላል፤ ሁለተኛው የሚስቱ ነው፤ ሦስተኛው የአራት ሕፃናት ሲሆን ስማቸው ጠፍቶ ዕድሜያቸው ብቻ ይነበባል። በወረቀት ገልብጬ ልኬልዎታለሁ። የኛ አገር መቃብር ድንጋይ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ሽበት ያወጣል፤ ውርጭ ሲመታው ፊቱ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። በሰሜኑ ግንብ በኩል ደግሞ ሳማው እስከ ደረቴ ይደርሳል። ያሉት የግሪዘል ሐውልት ግን ዓይኔ አልገባም። ምናልባት ወድቆ ይሆናል። ሰባ ዓመት ቀላል አይደለም።

ስለ እኛ ቤት ለማወቅ ቢፈልጉ፥ እኔ በድሩምዊን የተወለድሁ፥ በድሩምዊንም የምቀበር ሰው ነኝ። ሁለተኛ ልጅ ስለሆንሁ በእናቴ አባት ስም አዳም ተባልሁ። እርሻው የሚገባው ለታላቄ ለኩትበርት ነበር፤ እርሱ በ1915 ፈረንሳይ ላይ ወደቀ። በቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ በተተከለው የጦርነት መታሰቢያ ከላይ ሁለተኛው ስም የእርሱ ነው። እርሱን ማንም ሳማ አይሸፍነውም፤ በየሳምንቱ የማጸዳው እኔ ነኝ።

ለአክስትዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አዳም ማክሃርግ


ኦታጎ
ጁን 8፥ 1959

ለውድ ጋሼ አዳም

እንዲህ ብዬ ብጠራዎት ይቀየሙኛል? አክስቴ ናት “አቶ ማክሃርግ አቶ ማክሃርግ አትበይ፤ ጠቦት በጡጦ የሚያሳድግ ሰው ጋሼ ነው” ያለችኝ። ጤናዎን ያብዛው፤ ጠቦቶቹም እንዳደጉ ተስፋ አለኝ። እዚህ ክረምት ገብቷል፤ የአክስቴ ሳል ብሶበታል።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብሁላት። ወንድምዎ ኩትበርት የሚለው ላይ ስደርስ “ቆይ፥ ድገሚው” አለችኝና ሳቀች። የእኔም አባት ስሙ ኩትበርት ነበር! የአንድሩ የመጀመሪያ ልጅ። ከየት እንዳመጡለት ማንም አያውቅም፤ በትምህርት ቤት እስኪያለቅስ ይቀልዱበት ነበር አሉ። “ይህ ስም ያሠቃየው የእኛን ወንድም ብቻ አይደለም ማለት ነው” ብላ አክስቴ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች። መቼም በጋሎዌይ የተለመደ ስም ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ደግሞ አስቸግርዎታለሁ። ወድቆ ከሆነ ሳማው ሥር ይኖራል እንጂ ወዴት ይሄዳል? ድንጋይ እግር የለውም። ለሽበቱ የሚሆን የፈረስ ፀጉር ብሩሽ ልኬያለሁ፤ የሽቦ ብሩሽ ጽሑፉን ይጎዳዋል ይላሉ። ሦስት ፓውንድም አብሬ ልኬያለሁ፤ ከከተማ ፎቶ አንሺ ቢያስመጡልኝ ብዬ ነው። አክስቴ በየቀኑ “ከስኮትላንድ መጣ?” ትላለች። መልሱ ለእኔ ቢዘገይ ግድ የለም፤ ለእርሷ ግን ቀን ውድ ነው።

የእርስዎው
ማሪዮን


ድሩምዊን
ሴፕቴምበር 21፥ 1959

ለሚስ ስፕሮት

ሰላም ለእርስዎና ለአክስትዎ ይሁን። ሣር አጨዳው በዝናብ ተበላሽቶብን ሦስት ወር እንዴት እንደሄደ አላወቅሁትም። ሦስቱን ፓውንድ መልሼ ልኬያለሁ፤ ለማይነሣ ፎቶ ገንዘብዎን አይጣሉ። ብሩሹን ግን እግዜር ይስጥልኝ፤ ለወንድሜ ስም ይሆናል።

ሳማውን አስጨድሁት። ምንም የለም። ግራናይት ቢሆንም እኮ ድንጋይ ድንጋይ ነው፤ ውርጭ በስንጥቁ ከገባ ይሰነጥቀዋል፤ ስባሪውን ደግሞ ያኔ የነበሩ ሰዎች ግንብ መጠገኛ አድርገውት ይሆናል። የድሮ ሰው ምን ያላደረገው አለ? እኔ የማውቀው ይህንን ነው። ሙታንን ማስጨነቅ ለሕያዋንም አይበጅም፤ አክስትዎን በዚህ ተስፋ ባያደክሟቸው ይሻላል።

የቤተ ክርስቲያኑን መዝገብ ማየትም እንደሚፈልጉ ቄሱ ነግረውኛል። እኔ ከደብሩ ሽማግሌዎች አንዱ ነኝና ምክሬን ልስጥዎ። የዚያን ዘመን መዝገብ በሴቶች ኀጢአት የተሞላ ነው። ለዘመድ የሚነበብ ነገር አይደለም።

አ. ማክሃርግ


ኦታጎ
ኖቬምበር 16፥ 1959

ለጋሼ አዳም

ሰላምና ጤና ለእርስዎ። ይህንን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጃለሁ።

ቄሱ የሽማግሌዎቹን ቃለ ጉባኤ ገልብጠው ላኩልኝ። እንዳለ እጽፍልዎታለሁ፦

“1852። ግሪዘል ስፕሮት፥ ያላገባች፥ የድሩምዊን ላም አላቢ፥ ቀርባ መውለዷን አመነች። የልጁ አባት ማን እንደሆነ ተጠየቀች። አልናገርም አለች። በሁለተኛው እሑድ ተጠየቀች። አልናገርም አለች። በሦስተኛው ተጠየቀች። አልናገርም አለች። እስክትናገር ድረስ ከጌታ ማዕድ እንድትርቅ ተወሰነ። ሽማግሌ ኩትበርት ማክሃርግ እንዲገሥጻት ታዘዘ፤ ገሠጻት። ጉባኤው በእርሱ ጸሎት ተዘጋ።”

ድሩምዊን ለእርስዎ የምጽፍበት አድራሻ ነው። እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝ፤ ልማዳችንን ለልጆች አስተምራለሁ፤ ስኮትላንድን ያላዩ ልጆች እንኳን ያውቁታል። የመጀመሪያ ወንድ ልጅ በአባቱ አባት ስም ይጠራል። ሁለተኛው በእናቱ አባት። እርስዎ ሁለተኛ ስለሆኑ በእናትዎ አባት ስም ተጠሩ፤ ራስዎ ነገሩኝ። ታላቅዎ ኩትበርት የተባለው በአባታችሁ አባት ስም ነው ማለት ነው። የእኔም አባት የመጀመሪያ ልጅ ነው። አንድሩ ለመጀመሪያ ልጁ ስም ሲያወጣ ልማዱን ይዞ እንደ ሆነ፥ ያወጣለት የማንን ስም ነው? ይህንን ስም ሃምሳ ዓመት ስጠራው ኖሬ አንድ ቀን እንኳን አልጠየቅሁም። ሞኝነቴ ያሳፍረኛል።

ሌላም አለ። መቃብራችሁ ሁሉ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ነው ብለውኝ ነበር። በሴፕቴምበር ደግሞ “ግራናይት ቢሆንም” አሉ። የጸሐፊው ደብዳቤ በእርግጥ ግራናይት ይላል። እኔ ግን ይህንን አልጻፍሁልዎትም ነበር። ከየት ሰሙ?

አልወቅስዎትም፤ ሰው በአያቱ አይጠየቅም። የሰማሁትን ለአክስቴ አልነገርኋትም፤ መጀመሪያ ከእርስዎ አፍ እንዲሆን ፈለግሁ። ሐኪሙ የገና ሰሞንን ካለፈች ጥሩ ነው ይላል። ሐውልቱን ካዩት፥ ያነበቡትን ሁለት መስመር በቴሌግራም ላኩልኝ። ደብዳቤ አይጠብቁ። እለምንዎታለሁ።

ማሪዮን


ድሩምዊን
ጃንዋሪ 12፥ 1960

ውድ ማሪዮን

ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ልበልሽ፤ ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። ሰላምታ ለመጻፍም አልደፈርሁም።

ደብዳቤሽ በኖቬምበር 27 ደርሶኛል። ምድጃው ላይ ካለው ሰዓት ጀርባ አኖርሁት። እኛ ቤት መልስ የሌለው ወረቀት ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ነው። በየቀኑ ሰዓቱን ስሞላ ጫፉን አየዋለሁ። ነገ፥ ነገ እያልሁ ስድስት ሳምንት ሄደ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል፥ እኔው ነኝ።

ሐውልቱ አልተሰበረም። በወተት ቤቴ ወለል ላይ፥ ከቅቤ መናጫው ፊት ለፊት፥ ፊቱን ወደ መሬት ተደፍቶ ይገኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ዘጠኝ ዓመቴ ሆኖ የወተት ቤቱ የውሃ መውረጃ ተዘጋ። አባቴ የድንጋዩን ጥግ በዲጂኖ ከፍ አደረገና “እጅህ ቀጭን ነው፤ ግባና ጭቃውን ጥረግ” አለኝ። እጄን ስሰድ ጣቶቼ ፊደል ነኩ። “አባዬ፥ ጽሑፍ አለው” አልሁ። “እጅህን አውጣ” አለኝ። አልተቆጣም። ፊቱ ግን እንደ ኖራ ነጣ። እናቴ ያንን ድንጋይ ረግጣው አታውቅም ነበር፤ ባልዲ ሙሉ ወተት ይዛም ቢሆን በጎኑ ትዞር ነበር። እርጥብ ስለሆነ ያንሸራትታል ትለን ነበር። እርሷ ራሷ የስፕሮት ልጅ መሆኗን ያሰብሁት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው።

አባቴ በ1921 ሊሞት ሲል ሁሉንም ነገረኝ። የደብሩ ጸሐፊ ለአያትሽ የጻፈው ውሸት አልነበረም፤ በጻፈበት ቀን ሐውልቱ ቆሞ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ቆመ። አያቴ ኩትበርት ያኔ ስልሳ ስምንት ዓመቱ፥ በደብሩ የተከበረ ሽማግሌ ነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሠራተኛ መቅጠሪያ ገበያ ነበርና መንደሩ በሙሉ ከተማ ወረደ። አያቴና አባቴ ጋሪ ይዘው ሄዱ፤ ነቅለው አመጡት። አያቴ ሊሰብረው መዶሻ አነሣ፤ አልቻለም፤ መልሶ አስቀመጠው። “ድፋው” አለው። በኖራ ለስነው ደፉት። ግሪዘል ቆማ ላም ታልብበት፥ ተንበርክካ ታጥብበት በነበረው ወለል ላይ ማለት ነው። ይህንን ሳስብ የት አባቴ እንደምገባ አላውቅም።

አባቴ ይህንን ነግሮኝ “እኔ አልቻልሁም፤ አንተ ከቻልህ አንሣው” አለ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አልፏል። ከእነርሱ ውስጥ ሠላሳውን እኔም እንደ አያቴ የደብሩ ሽማግሌ ሆኜ የጌታን ማዕድ ኅብስት ለሰው ሳድል ኖርሁ። በየጊዜው ምክንያት ነበረኝ። መጀመሪያ እናቴ እንዳታፍር፤ ከዚያ የወንድሜ ስም እንዳይነሣ፤ ከዚያ እኔ ወራሽ የለኝም፥ ከእኔ ጋር ይቀበር። አንቺ ስትጽፊ ደግሞ ወረቀትሽን ይዤ ወተት ቤት ገብቼ፥ ድንጋዩ ላይ ቆሜ፥ “ዓይኔ አልገባም” ብዬ ለመጻፍ ወሰንሁ። ቃሉን መርጬ ነው። ዓይኔ እውነትም አልገባም ነበር፤ ጣቴ ነው የገባው። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ።

ዛሬ ጧት ድንጋይ ጠራቢውን ጠርቼ ለሁለት በዲጂኖ አነሣነው። ኖራው የፊደሉን ቅርጽ ይዞ ቀርቷል፤ ድንጋዩ ከተነሣ በኋላም ወለሉ ላይ ቃላቱ ግልብጥ ሆነው ይነበባሉ። በፈረስ ፀጉር ብሩሽሽ አጠብሁት። አዲስ ይመስላል፤ ፀሐይ የመታው አሥራ አንድ ቀን ብቻ ነዋ። እንዲህ ይላል፦

“ይህንን ድንጋይ
በኦታጎ የሚኖረው አንድሩ፥
የኩትበርት ማክሃርግ ልጅ፥
ለእናቱ ለግሪዘል ስፕሮት አቆመ።
በ1885 በሃምሳ ሦስት ዓመቷ አረፈች።
ቃሏን ጠበቀች።”

እንግዲህ ለአክስትሽ አንብቢላት። ስሟ በትልቁ ተቀርጿል። ከሁሉም ፊደል የሚበልጠው እርሱ ነው በያት።

ሐውልቱን ወደ ቦታው እመልሳለሁ። ከጽሑፉ በታች ባዶ ቦታ አለ። ፈቃድሽ ከሆነ በራሴ ወጪ ይህንን ላስቀርጽ፦ “ሰባ ሦስት ዓመት በመሬት የደፋናት እኛ የድሩምዊን ማክሃርጎች ነን።” ሰው ሁሉ ይየው። ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ ፊት የለኝም።

አዳም


ኦታጎ
ጃንዋሪ 30፥ 1960

ለአቶ አዳም ማክሃርግ

ደብዳቤዎ ደርሶኛል።

አክስቴ ግሪዘል ጃንዋሪ 9 ቀን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አረፈች። እርስዎ የጻፉልኝ ጃንዋሪ 12 ነው።

የእኔን ደብዳቤ በኖቬምበር 27 እንዳገኙ እርስዎው ነገሩኝ። ቴሌግራም በአንድ ቀን ይደርሳል። ከገና በፊት ነቅታ ነበር፤ ሾርባ ትጠጣ ነበር፤ ትቀልድ ነበር። “ጋሼሽ ሳማው ውስጥ ጠፋ እንዴ? ፈላጊ ላኩበት” ብላኝ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ግን መጠየቅ ተወች። እኔ ያንን ነው ያልቻልሁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ጽሑፉን መቃብሯ ላይ ቆሜ አነበብሁላት። እኔም ንጹሕ አይደለሁም። በኖቬምበር የጠረጠርሁትን ልነግራት እችል ነበር፤ እርግጠኛ እስክሆን ብዬ ያዝሁት። እርስዎ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ያዙት፤ እኔ ሁለት ወር ያህል።

ሊያስቀርጹ ያሰቡትን መስመር አልፈቅድም። ቅድመ አያቴ በሕይወቷ ሳለች ሦስት እሑድ በማክሃርግ ፊት ቆመች። አሁን ደግሞ ድንጋይዋ ላይ ማክሃርግ ንስሐ ሊገባ? ያ ድንጋይ የእርሷ ነው እንጂ የእርስዎ ማልቀሻ አይደለም። ሐውልቷን ላየ ሰው ሁሉ ስለ እርስዎ ጸጸት ልታወራለት አትገደድም።

ባዶው ቦታ ላይ እኔ የምፈልገውን ያስቀርጹ። ውጭ አገር የሞተን ዘመድ ከቤተሰቡ ድንጋይ ላይ መጨመር የእናንተም ልማድ ነው። እንዲህ ይሁን፦ “የልጇ ልጅ ግሪዘል ስፕሮት፥ በኦታጎ፥ ጃንዋሪ 9 ቀን 1960 አረፈች።” ሌላ ምንም አይጨመር። ለመንደሩ ሰው ቀን ብቻ ነው። እርስዎና እኔ እናነበዋለን።

ማሪዮን ስፕሮት


ድሩምዊን
ሜይ 9፥ 1960

ለማሪዮን

እንደ ፈቃድሽ ሆኗል።

ጠራቢው እንዳይሳሳት ቀኑን በወረቀት ጻፍልኝ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የበግ ቁጥር ስጽፍ የኖርሁ ሰው፥ በሰባ አንድ ዓመቴ አንድ ዘጠኝ መጻፍ አቃተኝ። አይቶኝ “ዘመድህ ነበሩ?” አለኝ። “አዎ” አልሁ። “ትቀርቡ ነበር?” አለኝ። ምን ልበለው? የአባቴ የወንድሙ ልጅ ናት፤ ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም፤ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። “አዎ፥ ቅርብ ናት” አልሁት። እርሱም መዶሻውን አንሥቶ ሥራውን ጀመረ። እኔ ያሰብሁት መስመር ረጅምና ከባድ ነበር፤ እርሱ ይቀልለኝ ነበር። አንቺ አውቀሽ ነው የከለከልሽኝ።

ሽማግሌነቱን ለመልቀቅ ለቄሱ ደብዳቤ ሰጠሁ። “አዳም፥ የምትፈልገው ጡረታ ነው ወይስ ንስሐ?” አሉኝ። “የሁለቱን ልዩነት ስለማላውቅ ነው የምለቀው” አልሁ። ተቀበሉኝ። አሁን የምቀመጠው በመጨረሻው ረድፍ፥ በር አጠገብ ነው።

ትላንት እሑድ ነበር። ከአምልኮ በኋላ ሕዝቡ በሙሉ ወደ ሰሜኑ ግንብ መጣ። ሐውልቱ ፊት ቆሜ ጽሑፉን ጮክ ብዬ አነበብሁ፤ “የኩትበርት ማክሃርግ ልጅ” የሚለው ላይ አልቸኮልሁም። ከዚያ ከ1886 ጀምሮ የት እንደነበረና ማን እንደወሰደው ተናገርሁ። ከመቼ ጀምሮ እንደማውቅም ተናገርሁ። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ጨርሼ ቀና ስል፥ የደነገጠ ሰው የለም። አንድ ሰው እንኳን ከንፈሩን አልመጠጠም። ሁሉም እግሩን ነበር የሚያየው።

ቤላ ሄሮን ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። በትሯን ተደግፋ ቀረበችና እጄን ያዘችኝ። “አዳም” አለችኝ፥ “እኛ ልጆች ሆነን እናንተ ቤት ቅቤ ልንገዛ ስንላክ፥ እናቶቻችን ‘መናጫው ፊት ያለውን ድንጋይ እንዳትረግጡ’ ይሉን ነበር።”

“ታውቁ ነበር ማለት ነው?” አልኋት።

“ማን የማያውቅ አለና?”

“ታዲያ ለምን አልተናገራችሁም?”

“አንተ ለምን አልተናገርህም?” አለችኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ነገሩን ለማወቅ ነው የጠየቀችኝ። መንደሩ በሙሉ ሰባ ዓመት በዚያች ሴት ጎን ዞሮ እያለፈ፥ ቅቤውን እየገዛ ወደ ቤቱ ሲገባ ኖረ፤ እኔም ምስጢሬን የጠበቅሁ መስሎኝ ኖርሁ።

የወተት ቤቱን ወለል አልደፈንሁትም። ኖራው ላይ የቀረው ግልብጥ ጽሑፍ እስካሁን አለ። ወተት ለማኖር ስገባ በጎኑ እዞራለሁ። አንቺ እስክታዪው ልተወው ወይስ ልድፈነው? የምትይኝን አደርጋለሁ። ለመልስ አትቸኩዪ፤ ብትተዪውም መብትሽ ነው። የአንቺ ደብዳቤ ከመጣ ግን ከሰዓቱ ጀርባ አይቀመጥም።

የአያትሽ የወንድም ልጅ
አዳም ማክሃርግ